እባቦቹን ማን አሞቃቸው?

ኢኖክ ባራክላፍ ሞቶ የተገኘው በዓለም ላይ ከሁሉ አስበልጦ በሚወደው ክፍል ውስጥ፣ ከሁሉ አስበልጦ በሚጠላው ዕቃ አጠገብ ነበር። ክፍሉ የእባቦቹ ቤት ነው፤ ዕቃው ደግሞ የጋዝ ምድጃ።

ቀኑ ረቡዕ፣ ወሩ ጥር ነው። በዮርክሻየር፣ ክራግሾ በምትባለው መንደራችን፣ ዳገቱ ሁሉ በረዶ ለብሶ ሰው ግድግዳ እየያዘ ይሄዳል። ሟቹ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ነበር። ዕድሜውን በሽመና ፋብሪካ ማሽን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ሚስቱም ሞተችበትና ከአሥራ አራት ትንንሽ ዘንዶዎች ጋር ብቻውን ቀረ። ይህን ሰምቶ ጉድ የሚል ካለ እኛን አያውቀንም ማለት ነው። በእኛ ሸለቆ ክረምቱ ረጅም ነው፤ አንዱ እርግብ ያረባል፣ አንዱ የመጫወቻ ባቡር ይገጣጥማል፣ ኢኖክ ደግሞ እባብ ያሞቅ ነበር። ማንንም አላስቸገረም።

ከቤቱ ጀርባ ስምንት የድንጋይ ደረጃ ሲወረድ ድሮ ከሰል ይጠራቀምበት የነበረ ክፍል አለ። በበጋው በሐምሌ እንኳ የሚበርድ ክፍል ነው። ኢኖክ እዚያ ውስጥ መደርደሪያ ሠርቶ፣ ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ሳጥኖች ደርድሮ፣ ከየሳጥኑ ሥር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ ምንጣፍ ዘርግቶ ነበር። በየሳጥኑ አንድ እባብ፣ አንድ የውሃ ሳህን፣ አንድ መደበቂያ ይገኛል። ክፍሉ ዘጠኝ ዲግሪ ቢሆን እንኳ የሳጥኑ ሞቃት ጥግ ሠላሳ አንድ ይሆናል። ሠላሳ አንድ የምትለዋን ቁጥር ሽማግሌው ከራሱ የልደት ቀን አስበልጦ ያስታውሳት ነበር።

ኢንስፔክተር ቴልማ ሆልሮይድ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ወደ ክፍሉ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ሬሳውን አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ አጭር፣ ኮቷን የማታወልቅ ሴት ናት፤ ሰው ሲያወራት ዕቃ ዕቃ ስለምታይ የማትሰማ ትመስላለች። ትሰማለች። ያየችው ሰው በብርድ ጊዜ ሙቅ ውሃ ሞልቶ አልጋው ውስጥ የሚያቅፈውን ዓይነት የላስቲክ ከረጢት ነው። ሰባት ናቸው፤ በየሳጥኖቹ ክዳን ላይ ተጋድመዋል። ዳሰሰቻቸው። ሰባቱም ውሃ እንደሞሉ ቀዝቅዘዋል።

ከዚያ ወደ ሰውየው ዞረች። ኢኖክ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ ፊቱ ቀልቷል። ለሚያየው ሰው ሙቀት ያስተኛው ይመስላል። ከእግሩ ሥር የጋዝ ምድጃው ቆሟል፤ ቁልፉ እንደተከፈተ ጋዙ አልቋል።

«ግልጽ ነው መሰለኝ፣ ኢንስፔክተር» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ናዚም። «የጭስ መርዝ ነው። ሐኪሙ ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የሞተው ብሏል። መስኮቱን ያዩታል፣ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል።»

«ማን አሸገው?»

«ልጁ ሮዛሊን። ምድጃውንም ያመጣችው እሷ፣ ሬሳውንም ያገኘችው እሷ ናት። ‹እኔ ነኝ የገደልኩት› ትላለች። ቃሏን ጽፌዋለሁ።»

«ጻፍከው?»

«ሦስት ጊዜ እኮ ነው ያለችው።»

ኢንስፔክተሯ ቀና አለች። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነበር። እዚያ የማሞቂያዎቹን ሙቀት የሚቆጣጠሩ አራት መሣሪያዎች ተሰቅለዋል፤ ሦስቱ ያረጁ፣ አንዱ አዲስ። አዲሱ በአረንጓዴ ቁጥር ሙቀቱን ሠላሳ አንድ ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ በትንሹ «4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ» የሚል ጽሑፍ አለ። አንዱን ሳጥን በመዳፏ ነካችው፤ ሞቅ ያለ ነው።

«ናዚም፣ ማሞቂያው ደህና እየሠራ ሰባት ከረጢት ሙቅ ውሃ የሚሸከም ሽማግሌ ምን ዓይነት ነው?»

ናዚም ጎንበስ ብሎ ከረጢቶቹን እንደገና ቆጠራቸው። ብልህ ልጅ ነው፤ ሳያውቅ አይናገርም።

ሮዛሊን ወጥ ቤት ተቀምጣለች። የአውቶቡስ ሾፌር ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዛ ወጥታ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አስረክባ፣ አባቷን ልታይ ስትመጣ ነው ያገኘችው። ሻይ ቀርቦላታል፤ አልነካችውም።

የነገረችው ይህን ነው። ቅዳሜ መጥታ አባቷን ከእሷ ጋር እንዲኖር ለመነችው። ዳሌው ታሟል፤ ደረጃውን ሲወርድ ይወድቃል ብላ ትሰጋለች። የቤቷ አከራይ ግን እባብ አይቀበልም። ኢኖክ እንቢ አለ፣ እሷም ተቆጣች፣ ክፉ ክፉ ነገር ተባባሉ። ልትሄድ ስትል አንጀቷ አልችል አላትና ወርዳ የእባቦቹን ክፍል መስኮት በፕላስተር አሸገችለት፤ ከመኪናዋም ለሽርሽር የምትይዘውን የጋዝ ምድጃ አውጥታ ወጥ ቤት አስቀመጠች። አባቷ ምድጃውን ሲያይ «እሳት እባብ ቤት አይገባም» ብሎ ሳቀባት።

«ታዲያ ለምን አስገባው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እኔ ስለተውኩለት ነዋ። ባልተወው አይለኩሰውም ነበር።» ሮዛሊን እጇን አየች። «ትናንት ሰባት ሰዓት ላይ ደውዬለት ነበር። ምንም አልጎደለብኝም አለኝ። እኔም ኩርፊያዬ ስላልወጣልኝ ቶሎ ዘጋሁት።»

«መስኮቱን ስታሽጊ የግድግዳውን የአየር ቀዳዳ ነክተሻል?»

«አልነካሁም። እሱን እንዳትነኪ ብሎ አሥር ጊዜ ነው የነገረኝ።»

«ያ አዲሱ መቆጣጠሪያ፣ አረንጓዴው፣ ከየት መጣ?»

«ለገና የሰጠሁት ነው። ሌሎቹ ስላረጁበት።»

«ከሙቀቱ ሥር ያለው ቁጥር ምንድን ነው?»

«ሳይቋረጥ ስንት ጊዜ እንደሠራ የሚቆጥር ነው። መብራት ሲጠፋ ዜሮ ይሆናል፤ ሲመጣ እንደገና ይጀምራል።» ሮዛሊን ቀና አለች። «አሁን ከሦስት ሳምንት በላይ ማለት አለበት። ለምን ጠየቁኝ?»

ኢንስፔክተሯ በልቧ አሰላች። ከአምስት ሰዓት ከአሥር ላይ አራት ሰዓት ከአርባ ሲቀነስ ንጋት አሥራ ሁለት ተኩል ይመጣል። ኢኖክ በዚያ ሰዓት ከሞተ ግማሽ ቀን አልፎታል። ሬሳ ማሞቂያ አያበራም።

እንዲያውም ሮዛሊንን የሚያስፈራት ፍርድ ቤት አልነበረም። በቸልተኝነት ብትከሰስ ቅጣቱን ትችለዋለች። የማትችለው ከዚህ በኋላ በየጠዋቱ ያንን አውቶቡስ እየነዱ «አባቴን ያፈንኩት እኔ ነኝ» እያሉ መኖርን ነው። ይህንንም ሳትደብቅ ተናገረች። ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለችና «ቃልሽን ገና አልፈረምሽም አይደል?» አለቻት። «አትፈርሚ።»

ጎረቤቲቱ ወይዘሮ ዶሪን ፒክልስ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። ለፖሊስ የሰጠችው ቃል በአብዛኛው ስሞታ ነበር። እባብ የሚያረባ ሰው አጠገብ መኖር ዕድሜ ያሳጥራል፤ እርግጥ የእሷን አላሳጠረውም። ኢኖክ ጨዋ ነው፤ ግን ግትር ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ሰነፍ ነው፤ የዛሬው የቆሻሻ መኪና በረዶ ነው ብሎ ዳገቱን ሳይወጣ ቀረ። ይባስ ብሎ አንድ ባለጌ በእሷ ገንዳ ውስጥ የሚሸት ነገር ጥሎባት ሄዷል።

«መቼ ነው የጣሉት?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ማታ ገንዳውን ሳወጣ አልነበረም ልጄ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አይቼ አፍንጫዬን ይዤ ገባሁ። ደግሞ እኮ በሁለት ፌስታል አስሮታል፤ ንጹሕ ሰው ነው ባለጌው።»

ናዚም ጓንት አድርጎ ፌስታሉን ፈታና ፊቱን አዞረ። ውስጡ በወረቀት የተጠቀለሉ ዘጠኝ አይጦች ነበሩ፤ ግማሽ አካላቸው ሟሙቷል። ኢንስፔክተሯ ቆጥራቸው ወደ እባቦቹ ክፍል ተመለሰች። በየሳጥኑ ፊት ኢኖክ በእርሳስ የሚጽፍበት ካርድ ተለጥፏል። ዘጠኙ ካርዶች ላይ «እሑድ፦ በልቷል» ይላል። ዘጠኙን ሳጥኖች አንድ በአንድ ከፈተቻቸው፤ እባብ ግን አትወድም። የዘጠኙም ሆድ ልጥፍ ብሏል። ሳጥኖቹ ንጹሕ ናቸው፣ ውሃው ትኩስ ነው፣ የተነጠፈው ወረቀት አዲስ ነው።

ከዚያ ወደ ውጭ ወጥታ የአየር ቀዳዳውን አየችው። ክፍት ነው። በድንጋዩ ሻካራ ጠርዝ ላይ ግን ሦስት አራት ሰማያዊ የጥጥ ክሮች ተሰክተው ቀርተዋል። በቆርቆሮ መያዣ ከታ ኪሷ አደረገቻቸው። አንድ የጋዝ ባለሙያ ከሰዓት መጥቶ ምድጃውን ፈተሸና የጠረጠረችውን አጸናላት፦ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ይህ ምድጃ ራስ ያሳምም ይሆናል እንጂ ሰው አይገድልም።

ሦስተኛው ሰው ሳይጠራ መጣ። ክሊፎርድ ኦግደን ይባላል፤ ጡረታ የወጣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛና የሸለቆው የእባብ አርቢዎች ማኅበር ጸሐፊ ነው። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥልጣን ላይ ቆይቷል፤ የኢኖክን ክፍል ሽቦ የዘረጋውም እሱ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፣ ኮፍያውን በእጁ ይጨብጣል። እባቦቹን ወደ ቤቱ ወስዶ ሊያኖራቸው እንደሚችል ተናገረ። እያንዳንዱን በስሙ ጠራው፤ ይቺ ብርድ አትወድም፣ ያ ሲፈራ እንደ ኳስ ይጠቀለላል እያለ። ኀዘኑ እውነተኛ ነበር፤ ይህን ኢንስፔክተሯም አልተጠራጠረችም።

«ከዚህ ክፍል ለመጨረሻ ጊዜ የገቡት መቼ ነው፣ አቶ ክሊፎርድ?»

«ለገና። ከዚያ ወዲህ አልመጣሁም።»

«በስልኩ ላይ እንደሚታየው ኢኖክ ግን ሰኞ ሁለቴ፣ ትናንትም ሁለቴ ደውሎልዎታል። የመጨረሻው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።»

«ቅዳሜ የማኅበራችን ስብሰባ አለ። ስለ እሱ ነበር።»

«ሽቦው ችግር አምጥቶ ያውቃል?»

«የእኔ ሥራ?» ትንሽ ቅር አለው። «በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን አያውቅም።»

«እኔ ስለ እባብ ምንም አላውቅም። ምግብ የበላ እባብ ቢበርደው ምን ይሆናል?»

«ይተፋዋል። ሆዱ የሚሠራው በሙቀት ነው። ካልተፋው ውስጡ ይበሰብስና ይገድለዋል።»

«ከተፋ በኋላስ?»

«ወዲያው ይጸዳል፣ ውሃው ይቀየራል፣ ይሞቃል። ይህን የማያውቅ አርቢ የለም።»

ኢንስፔክተሯ አመሰገነችው። እባቦቹን ለጊዜው እንደማትሰጠው፣ ነገ ጠዋት ግን የእነሱን ጉዳይ ለመወሰን ሁሉም እዚሁ እንዲገናኙ ነገረችው። እሱ ሲሄድ ናዚም ከኋላው እያየ «ጨዋ ሰው ነው» አለ። «በጣም» አለች እሷ።

ያን ዕለት ሁለት ነገር አደረገች። መጀመሪያ አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስመጥታ ክፍሉን አስፈተሸች። በመደርደሪያዎቹ ጀርባ፣ ሽቦ የሚገናኝባቸው አራት ስካቶላዎች አሉ። ሦስተኛው ውስጥ የአንዱ ብሎን ራስ በካቻቢቴ አዲስ ተፍቋል፤ እሱ ከላላ መብራቱ እየበራ፣ ፊውዙም ደህና ሆኖ፣ ማሞቂያዎቹ ከነመቆጣጠሪያዎቻቸው ብቻ ይጠፋሉ። ቀጥሎ ለአካባቢው የእንስሳት ሐኪም ደወለች። ሐኪሟ መጀመሪያ አመነታች፣ በኋላ ግን የምታውቀውን ነገረቻት። የሰማችው ነገር ሌሊቱን እንቅልፍ አልሰጣትም።

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሮዛሊን፣ ዶሪንና ክሊፎርድ በእባቦቹ ክፍል ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ናዚም በሩን ይዞ ቆመ። ክፍሉ ይበርዳል፤ ሲተነፍሱ ይታያል። በቁጥጥር መሣሪያዎቹ ላይ አንድም መብራት የለም።

«ይቅርታ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ «ማሞቂያው ዛሬ ጠዋት ጠፋብን። ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ ይመጣል ብለዋል።»

ክሊፎርድ ቶሎ ብሎ በአቅራቢያው ያለውን ሳጥን አየ። ክዳኑ ላይ የተለጠፈው ትንሽ ቴርሞሜትር ሃያ ሁለት ይላል።

ኢንስፔክተሯ አልቸኮለችም። ከከረጢቶቹ ጀመረች። ኢኖክ ሰባት ከረጢት ሙቅ ውሃ ያጋደመው ማሞቂያው ጠፍቶበት ነው አለች። እሑድ ማታ እባቦቹን መግቧል፤ ሌሊት አንድ ሰው ሾልኮ ገብቶ ማሞቂያውን አጠፋው፤ ሰኞ ዘጠኝ እባቦች ሆዳቸው ሞልቶ በብርድ ቀሩ። ወደ ቤት እንዳያስገባቸው በረዶ የያዙ ስምንት ደረጃዎች አሉ፣ ዳሌው ደግሞ ታሟል። ስለዚህ ችግሩን ያስተካክልልኛል ብሎ ለሚያምነው ሰው ደወለ።

«ኢንስፔክተር» አለ ክሊፎርድ፣ «ይህን ወሬ ቤት ውስጥ ሆነን ብንጨርሰውስ? ክፍሉ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይበርዳል።»

«ብዙ አይቆይም» አለች። ቴርሞሜትሩ ሃያ አንድ ሆኗል።

ቀጠለች። ያ ሰው ነገ እመጣለሁ፣ ዕቃ አመጣለሁ እያለ አዘገየው። ማክሰኞ እባቦቹ መትፋት ሲጀምሩ ሽማግሌው ተጨነቀ። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሳለ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ደወለ፤ ያ ሰው «የልጅህን ምድጃ ለኩሰው፣ የአየር ቀዳዳው ክፍት ስለሆነ ምንም አትሆንም» አለው። ዕድሜ ልኩን እሳት እባብ ቤት አይገባም ሲል የኖረ ሰው ይህን የሚሰማው ከአንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ከሌላ እባብ አርቢ። እውነትም ቀዳዳው ክፍት ቢሆን ይተርፍ ነበር። ከውጭ ግን ተወተፈ፤ በእጅ በነበረ ነገር፣ እባብ በሚያዝበት ሰማያዊ የጨርቅ ከረጢት። ክሩ ድንጋዩ ላይ ቀርቷል።

ዶሪን እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሮዛሊን አልተንቀሳቀሰችም። ክሊፎርድ ሳጥኑን ነው የሚያየው፤ ሃያ። እጁ ወደ ክዳኑ ሄዶ ተመለሰ።

«ረቡዕ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ «ያ ሰው መጣ። ጨርቁን አወጣ። ወደ ውስጥ ገባ። የሠላሳ ዓመት ጓደኛው ወንበር ላይ ሞቶ ተቀምጧል። እዚህ ላይ ወጥቶ ቢሄድ ኖሮ አንድም ሰው አይጠይቅም ነበር። ምድጃው የሮዛሊን ነው፣ ፕላስተሩ የሮዛሊን ነው፣ እሷም እኔ ነኝ ብላለች። የቀረውን ብርዱ ይጨርሰው ነበር። እሱ ግን ማሞቂያውን መልሶ አበራ። ሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ ዘጠኝ ሳጥን አጸዳ፣ ውሃ ቀየረ፣ ወረቀት አነጠፈ። የተፉትን በፌስታል አስሮ የቆሻሻ መኪና ይወስደዋል ብሎ ወይዘሮ ዶሪን ገንዳ ውስጥ ጣለው። መኪናው ዳገቱን አልወጣም።» ወደ ሳጥኖቹ ዞረች። «ሌባ እባብ ይሰርቃል። ጠላት እባብ ይገድላል። እባቦቹን ያሞቃቸው ሰው ግን—»

ክሊፎርድ ተነሣ። ማንንም አላየም። የታችኛውን መደርደሪያ ወደ ፊት ሳበው፣ ከቁልፍ መያዣው ትንሽ ካቻቢቴ አወጣ፣ በግድግዳው ላይ ካሉት አራት ስካቶላዎች ቀጥ ብሎ ወደ ሦስተኛው ሄዶ ክዳኑን ፈታ፣ ብሎኑን አጠበቀ። ግድግዳው ላይ አራቱም መብራቶች በሩ። እሱ ግን እንደተንበረከከ ቀረ፤ ምን እንዳደረገ የገባው ያን ጊዜ ነው።

«ሥራዎ አይደል፣ በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን ችግር አላመጣም» አለች ኢንስፔክተሯ በለሰለሰ ድምፅ። «ትናንት ሠራተኛው ያንን ብሎን ለማግኘት ሁለት ሰዓት ፈጀበት። እኔ ዛሬ ጠዋት እርስዎ እንዳደረጉት ያንኑ ብሎን አላላሁት። የእንስሳት ሐኪሟን አስፈቅጃለሁ፤ ሆዳቸው ባዶ ስለሆነ ለአንድ ሰዓት ቢበርዳቸው አይጎዳቸውም። እርስዎን ግን እንደሚጎዳዎት አውቅ ነበር።»

«ለምን?» አለች ሮዛሊን። ድምጿ አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል።

መልሱን የሰጠችው ኢንስፔክተሯ ናት። በመከር ክሊፎርድ ለኢኖክ አንድ እባብ ሰጠው። ኢኖክ እንደ ደንቡ ለብቻው ወጥ ቤት አስቀመጠው፤ በኅዳር እያቃሰተ ሞተ። ሽማግሌው ሬሳውን ለሐኪሟ ላከ፤ የማይድን የሳንባ በሽታ ሆኖ ተገኘ። የክሊፎርድ ምድር ቤት አርባ አንድ እባብ አለው፤ በሽታው ሁሉንም ነክቷል፣ እሱም ያውቃል፣ ግን ለማኅበሩ አባላት እየሰጠ ነው። ኢኖክ ቅዳሜ ስብሰባው ላይ ሊናገር ወስኖ ነበር። የማኅበሩ ደንብ ደግሞ አንድ ነው፦ የታመመ ቤት እባቦች በሙሉ በሐኪም መርፌ እንዲሞቱ ይደረጋል።

«ዝም እንዲልልህ ጠይቀኸው ነበር?» አለች ሮዛሊን ለክሊፎርድ።

«ለመንኩት» አለ፣ አሁንም ወለሉ ላይ እንዳለ። «አርባ አንድ ናቸው፣ ሮዛሊን። ከእንቁላል ያሳደግኳቸው አሉ። ‹የእኔ ቢሆኑም አደርገው ነበር› አለኝ። ያደርገውም ነበር። እንደዚያ ያለ ሰው ነው።» ኮፍያውን ፈለገ፤ ጉልበቱ ሥር እንደጣለው ረስቶታል። «የእሱን እባቦች ግን መተው አልቻልኩም። ምን አደረጉ እነሱ?»

ሮዛሊን ወደ እሱ ሁለት እርምጃ ሄደች። ብትመታው ናዚም ፊቱን ያዞርላት እንደነበር በኋላ ነግሮኛል። አልመታችውም።

«ማክሰኞ ስደውልለት ለምን አልነገረኝም?» አለች ወደ ኢንስፔክተሯ ዞራ። «ተሸክሜ አወጣቸው ነበር እኮ። አሥራ አራት ሳጥን ምን አላት?»

«ብትመጪ ምን ትይው ነበር?»

ሮዛሊን አሰበች። «‹አላልኩህም?› እለው ነበር» አለች፣ ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። ዶሪን በርጩማዋን አስጠግታ አቀፈቻት። እባብ ቤት ውስጥ እግሯን አስገብታ የማታውቅ አሮጊት መሆኗን ረስታ እዚያው ብዙ ቆየች።

ናዚም ክሊፎርድን ሲያወጣው ሰውየው ደረጃው ላይ ቆመ። ስለ ጠበቃ አልጠየቀም፣ ስለ ራሱ አልጠየቀም። «ምድር ቤቴ ይበርዳል» አለ። «ከቀትር በፊት አንድ ሰው ማየት አለበት። የታችኛው ረድፍ መቆጣጠሪያ ይዋሻል፤ በእጅ ነው የሚዳሰሰው።»

ሮዛሊን ፊቷን ጠርጋ ደረጃውን ወጣችና እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን አምጣ።»

ክሊፎርድ አላመናትም።

«ሐኪሟ የምታደርገውን ታደርጋለች» አለች። «እስከዚያ ድረስ ግን አይበርዳቸውም። ላንተ ብዬ አይደለም። አባቴ ቢኖር ይሄድ ስለነበረ ነው።»

ቁልፉን ሰጣት፤ ካቻቢቴውም አብሮ ተንጠልጥሎበታል።

ክሊፎርድ በፖሊስ መኪና ከተወሰደ በኋላ ናዚም ኢንስፔክተሯና ሮዛሊን ወዳሉበት የእባቦቹ ክፍል ተመለሰና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የሮዛሊን የረቡዕ ቃል ነው፤ ሳይፈረም የቀረው። ምን ላድርገው ሲል ኢንስፔክተሯን አያት፤ እሷም በአገጯ ወደ ሮዛሊን አመለከተችው። ሮዛሊን አነበበችው። «እኔ ነኝ የገደልኩት» የሚለው በናዚም ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ሦስት ቦታ ተጽፏል። የአባቷን እርሳስ ከመደርደሪያው አንሥታ ሦስቱንም ሰረዘቻቸው፣ ቀስ ብላ፣ አንዱን ከአንዱ ሳታቻኩል።

«እኔ አይደለሁም» አለች። የተናገረችው ለራሷ ነበር፤ የሰማት ሁሉ ግን ቆመ።

ከዚያ የአንደኛውን ሳጥን ጥግ በመዳፏ ዳሰሰች፣ አባቷ ሲያደርግ ስታይ እንደኖረችው። አረንጓዴው ቁጥር እንደገና ሠላሳ አንድ ደርሷል። ካርዱ ላይ፣ «እሑድ፦ በልቷል» ከሚለው ከኢኖክ ጽሑፍ ሥር፣ «ሐሙስ፦ ሠላሳ አንድ» ብላ ጻፈችና ወደ ሁለተኛው ሳጥን አለፈች።